ሁለቱ አማኑኤሎች

ከዛሬ አሥር ዓመት ገደማ በፊት፣ ባንክ በተቀጠርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የምደባ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ወደ ባልደረቦቼ ስመለስ አንዱ «ወዴት ጣሉህ?» ሲል ጠየቀኝ። «አማኑኤል» አልሁ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ከመካከላቸው ቀልደኛው ሳቁን ገታ አድርጎ «በታካሚነት ነው በአስታማሚነት?» አለኝ። አብሬ ሳቅሁ። ያ ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ እንደሚመጣብኝ፣ ሲመጣም እንደማያስቀኝ ያን ዕለት አላወቅሁም።

እኔ የተመደብሁባት አማኑኤል በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የእናቴ ወገኖች ከቢቸናና ከሞጣ በመሆናቸው ምደባው ለእኔ ግዞት ሳይሆን ወደ ዘመድ መጠጋት ነበር። ገበሬው የእህሉን ብር በመሐረብ ቋጥሮ በመስኮቴ ፊት ይሰለፋል፤ እኔም ቀን ብር ስቆጥር ውዬ ማታ ማታ ግጥም ስቋጥር አመሻለሁ።

ባልደረቦቼ የሳቁበት አማኑኤል ግን ሌላ ነው። እሱ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የአእምሮ ሆስፒታል ነው። በከተማው ንግግር «አማኑኤል ገባ» ማለት አበደ ማለት ነው፤ «አማኑኤል ይወሰድ» ማለት ደግሞ ስድብ ነው። የቦታ ስም የነበረው የበሽታ ስም፣ ከዚያም አልፎ መሳለቂያ ሆነ። ቃሉ ግን ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ነው። «ከእኛ ጋር» የሚለው ስም እንዴት «ከእኛ ወዲያ» ለማለት ዋለ? ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላካፍላችሁ የወደድሁት ታሪክ «ጋር» በምትባለው በዚህች ትንሽ ቃል ዙሪያ የሚዞር ነው።

ነገሩን ያነሣችብኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ቢቸና ተወልዳ ያደገች፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ያልሞላላት ልጅ ናት። እጇን አጣጥፋ መቀመጥን ስላልወደደች ዛሬ ዛሬ ኬር ጊቨር የሚባለውን የአስታማሚነት ሥልጠና ጀመረች። ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ተላከች። በሦስተኛው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት፣ አብራት የነበረችው ነርስ ለሌላ ጉዳይ ወጣ ስትል አንድ ታካሚ ወደ በሩ መጥቶ «ልውጣ» አላት። «አይቻልም» አለችው። መታት። ከበሩ ጠርዝ ጋር ተላትማ ቅንድቧ ተሰነጠቀና ተሰፋ።

ማታ ደወለችልኝ። «ጋሼ» አለችኝ፣ «የመታኝ አይደለም ያስፈራኝ። ዘወር ብዬ ሳይ ማንም አለመኖሩ ነው።»

በማግሥቱ አክስቴ ደወለች። «ልጄን ለእብድ መደብደቢያ አልወለድኋትም። አንተ የተማርህ ነህ፤ ተይው በላት» አለችኝ። ልጅቱ ደግሞ እናቷን እንዳሳምንላት ትፈልጋለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያለኝ አንድ ዲግሪና የማንበብ ልማድ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም «አንድ ሳምንት ስጡኝ» ብዬ ወደ ታሪክ ሄድሁ። አስታማሚ የሚባለው ሰው ከየት እንደ መጣ፣ በሽተኛውን ለምን እንደሚፈራ፣ ፍርሃቱንስ ምን እንዳቀለለለት ለማወቅ ፈለግሁ።

መነሻዬ የአዲስ አበባው አማኑኤል ነበር። ሆስፒታሉ የተቋቋመው በጣሊያን የወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው። ከነጻነት በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት ለመላው አገር ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ይህን ነገር ቆም ብለን እናስበው። አንድ የጎጃም ገበሬ ልጁ ቢታመምበት ከደብረ ማርቆስ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለበት፤ መሐሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ። የአውቶቡስ ብር፣ የማደሪያ ብር፣ የሥራ ቀን ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው መቼ ነው? ጠበሉ ተሞክሮ፣ ዘመድ መክሮ፣ ጎረቤት ተማርሮ፣ በሽታው ከፍቶ መድረሻ ሲጠፋ ነው። እንግዲህ አማኑኤል በር ላይ የሚደርሰው በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ በሕመሙ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለ ሰው ነበር። ሕዝቡም ያየው ያንን ገጽ ብቻ ነው። መጽሐፍን በመጨረሻው ገጹ ብቻ የሚፈርድ አንባቢ እንደሚሳሳት ሁሉ አገሩም ስለ አእምሮ ሕመም ተሳሳተ። በሽታው ሁሉ ጨርቅ መጣል፣ በሽተኛውም ሁሉ ተደባዳቢ መሰለው።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በማንም ላይ እጃቸውን አያነሡም። እንዲያውም የሚመቱ፣ የሚዘረፉና የሚደፈሩ እነርሱ ናቸው። ይህን ለአክስቴ ስነግራት «ታዲያ የልጄን ቅንድብ ማን ሰነጠቀው?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ስለ ብዙኃኑ የሚነገር እውነት ስለ አንዲት ቅንድብ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ወደ ኋላ፣ ሆስፒታል ወዳልነበረበት ዘመን ሄድሁ።

ሆስፒታል ሳይኖር አስታማሚ ነበር። ቃሉ ራሱ ከሕክምና ቤት የመጣ አይደለም፤ ከቤት የመጣ ነው። አስታማሚ ማለት አልጋ ሥር የምታድር እናት፣ ጠበል ቦታ ድረስ አዝላ የምትወስድ እህት፣ እንጀራና ውኃ የምታቀብል ጎረቤት ናት። ይህች አስታማሚ የምትወደው ሰው ሊመታት፣ ገደል ሊገባባት፣ ቤቱን በእሳት ሊያያይዝባት ሲል ምን ነበራት? እግረ ሙቅ። የብረቱ ሰንሰለት በየጠበሉ ቦታ፣ በየጓዳው የኖረ መሣሪያ ነው፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ያሰሩ ቤተሰቦችን አነጋግሯል። በርዕሱ ላይ የሰፈረው ልጁን በሰንሰለት አስሮ ሌት ተቀን የሚያለቅስ ወላጅ ቃል ነው። እነዚህ ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም። መድኃኒት ቢፈልጉ መክፈያ፣ እርሻ ቢሄዱ ጠባቂ፣ ሌሊት ቢጮሁ ደራሽ ያልነበራቸው ናቸው።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት እግረ ሙቅ የክፉ ሰው መሣሪያ ከመሆኑ በፊት የብቸኛ ሰው መሣሪያ መሆኑን ነው። ሁለት ሰው ባለበት ቤት አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ያርሳል። አንድ ሰው ብቻ ባለበት ቤት ግን የሚጠብቀው ብረቱ ነው።

በውጭው ዓለምም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። በፓሪስ አጠገብ ቢሴትር የሚባል ትልቅ ሆስፒታል ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ምእት ዓመት በዚያ የሚገኙ የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። የሕክምና ታሪክ መጻሕፍት ሰንሰለቱን የፈታው ታላቁ ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል እንደ ሆነ ሲያስተምሩ ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1876 የተሣለው ዝነኛ ሥዕልም የሚታወቀው በእርሱ ስም ነው። ነገር ግን ፒኔል በ1793 ወደ ቢሴትር ሲመጣ አንድ ሰው ቀድሞት እዚያ ነበር። ስሙ ዣን ባቲስት ፑሳን ይባላል። ፑሳን ሐኪም አልነበረም። ሙያው ቆዳ ማልፋት ነበር፤ በእኛ አገር አነጋገር «ፋቂ» ተብሎ በንቀት የሚጠራ ሰው ነው። ቢሴትር የገባው ራሱ ታምሞ፣ የአንገቱ እጢ አብጦበት ነበር። ሲድን ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ እዚያው ሥራ ያዘና ቀስ በቀስ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ተቆጣጣሪ ሆነ። አስታማሚዎች በሽተኛን እንዳይመቱ፣ ቢመቱ እንኳ መልሰው እንዳይመቱ ከለከለ። በ1797 በዚያ ክፍል ሰንሰለት እንዲቀር ያደረገው እርሱ ነው። ፒኔልም በ1801 ባሳተመው መጽሐፉ የዚህን ሰው ውለታ አልካደም፤ ከእርሱ መማሩን ጽፏል።

ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ግን ፑሳን ሰንሰለቱን በምን ተካው የሚለው ነው። በፍቅር ብቻ አይደለም። በሰው ተካው። አንድ በሽተኛ ሲቆጣና መሣሪያ ሲያነሣ ተቆጣጣሪው ፊት ለፊት እያነጋገረ ዓይኑን ይይዝበታል፤ በዚህ መሐል ሌሎቹ አስታማሚዎች ቀረብ ቀረብ ይሉና በአንድ ምልክት፣ ሳይመቱ፣ እጅና እግሩን ይይዛሉ። ሲያስፈልግም እጅጌው ረጅም የሆነ የሸራ ሰደርያ ያለብሱት ነበር። ማለትም ማሰር ፈጽሞ አልቀረም፤ የቀረው ብረቱ፣ ዱላውና ብቸኝነቱ ነው። ደግሞም ፑሳን ከአስታማሚዎቹ መካከል ብዙዎቹን የመረጠው ከበሽታው ካገገሙ ሰዎች ነበር። ያበደ ሰው ምን እንደሚያስፈራው ያበደ ያውቃልና።

እኛ ዘንድ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሬ ሰምቼዋለሁ፤ ተረቱ የሚያስረው ነገር ድር እንጂ ብረት አለመሆኑን ግን ያስተዋልሁት ስለ ፑሳን ሳነብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገሮች የአስታማሚውን ሥራ ለወጡት። አንደኛው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ዣን ደሌና ፒዬር ደኒኬር የተባሉ ሐኪሞች ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት የተናወጠ አእምሮን እንደሚያረጋጋ አሳወቁ። በጩኸት የታወቁ ክፍሎች ጸጥ ማለት ጀመሩ። ለብዙ ዘመን በየአገሩ የአእምሮ ሆስፒታል ጠባቂ የሚመረጠው በጡንቻው ነበር፤ አሁን ግን የሚያስተውል ዓይንና የሚያዳምጥ ጆሮ ያለው ሰው አስፈለገ።

ሁለተኛው ሥልጠና ነው። በአገራችን ዘመናዊ የነርስ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በ1940ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የገጠሩ ሰው «ሐኪም» ብሎ የሚያውቀው ድሬሰሩን ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ አንዳንዴም ሁሉን ነገር ይሆናል። ነገር ግን ቁስል ማጠብን የተማረ ሰው የተቆጣን ሰው ማነጋገር ተምሯል ማለት አይደለም። ነርሶችን ለአእምሮ ሕክምና ለይቶ ማሠልጠን በአማኑኤል ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሠልጣኞቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል እየተመደቡ፣ ሐኪም በሌለበት የአእምሮ ሕክምናን ብቻቸውን ተሸከሙት። በአገር ውስጥ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረውማ እ.ኤ.አ. በ2003፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። እስከዚያ ድረስ በመላ አገሪቱ የነበሩት ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እንግዲህ የዚህ አገር የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ጊዜ የቆመው በነርስና በረዳት ትከሻ ላይ ነው። ስለ እነርሱ ደኅንነት ማውራት የቅንጦት ወሬ አይደለም፤ ስለ ቤቱ ምሰሶ ማውራት ነው።

ወደ ፍርሃቱ እንመለስ። ፍርሃቱ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ካሉ የጤና ሠራተኞች ከ8 እስከ 38 በመቶ የሚሆኑት በሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ አካላዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል። ድርጅቱ ከዓለም የሥራ ድርጅትና ከነርሶች ዓለም አቀፍ ማኅበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 በጤና ተቋማት ስለሚፈጸም ጥቃት መመሪያ ያወጣውም ለዚህ ነው። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። ስለዚህ «ሥራው ይኸው ነው፤ ቻይው» ማለት ምክር አይደለም። ለተመታች ልጅ «ፍቅር ካለሽ አትፈሪም» ማለትም እንዲሁ።

ይሁን እንጂ ጥቃቱ እንደ መብረቅ ከሰማይ አይወርድም። ሰዓትና ምክንያት አለው። ምግብ ሲታደል፣ መድኃኒት ሲሰጥ፣ በር ሲዘጋ፣ ጥያቄ ሲከለከል፣ ክፍሉ ሲጨናነቅ፣ ታካሚው ገና በገባበት ሰሞን ይበዛል። በእንግሊዝ አገር ሌን ባወርስ የተባሉ የነርስ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሴፍዋርድስ የሚባል አሠራር ቀመሩ፤ በለንደንና በአካባቢዋ በ15 ሆስፒታሎች፣ በ31 ክፍሎች ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ውጤት ግጭት በ15 በመቶ፣ ማሰርንና ነጥሎ መዝጋትን የመሰለው እርምጃ ደግሞ በ26 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። አሠራሩ ተጨማሪ ብረት ወይም ተጨማሪ ዘበኛ አልጠየቀም። ታካሚና ሠራተኛ እርስ በርስ እንዲተዋወቁ፣ ክፉ ወሬ የሚሰማ ታካሚ አስቀድሞ እንዲታሰብለት፣ ግጭት ሲያልፍ ያዩት ሌሎች ታካሚዎች እንዲጽናኑ፣ «አይሆንም» የሚባለው ቃልም በለሰለሰ አንደበት እንዲባል የሚያደርግ ነው።

ይህን ሳነብ የአክስቴ ልጅ በሩ ላይ ያለችውን «አይቻልም» አስታወስሁ። እርስዋን ልወቅስ አይደለም፤ ሌላ ቃል ማን አስተማራት? «አሁን በሩ ተዘግቷል፤ ምሳ ስንጨርስ ነርሷን አብረን እንጠይቃት» የሚል ዐረፍተ ነገር ከሰማይ አይወርድም፤ እንደ መርፌ አወጋግ የሚሠለጠኑበት ነገር ነው። ያን ቃል ብታውቀው ኖሮ እንኳ ብቻዋን መሆኗ ሌላ ጥፋት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ሙያ ባነሣ አንባቢ ይታገሠኝ። ባንክ ውስጥ ካዝና የሚከፈተው በሁለት ሰው፣ በሁለት ቁልፍ ነው። ሥራ አስኪያጁ የቱን ያህል ቢታመን ብቻውን አይከፍትም። ጀማሪ ሳለሁ ይህ ሥርዓት ያለ መታመን ምልክት መስሎኝ ቅር ይለኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ሁለተኛው ቁልፍ ብሩን ከእኔ የሚጠብቅ ብቻ አይደለም፤ እኔንም ከሐሜት፣ ከስሕተት፣ ከዘራፊ ይጠብቀኛል። ሁለተኛ ሰው ሲኖር ካዝናውም እኔም እንድናለን። አእምሮው በታመመ ሰው ክፍልም ነገሩ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛዋ ነርስ አስታማሚዋን ከታካሚው ትጠብቃለች፤ ታካሚውንም ከፈራች አስታማሚ እጅ ትጠብቃለች። የፈራ ሰው ይገፋል፣ ይጮኻል፣ ያስራልና። የታካሚው ክብርና የአስታማሚዋ ደኅንነት ተቃራኒ ሆነው በሚዛን ላይ የሚቀመጡ ነገሮች አይደሉም። የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ናቸው፤ አንዱ ሲላላ ሌላውም ይላላል።

ለብር ሁለት ቁልፍ የምናበጅ ሰዎች ለሰው አንድ ቁልፍ ብቻ ማድረጋችን ምን ይባላል?

ሳምንቱ ሲያልቅ ለልጅቱ ደብዳቤ ጻፍሁላት፤ በስልክ መልእክት ሳይሆን በወረቀት። ወደ ሥራው ተመለሽ ወይም አትመለሽ አላልሁም። ከመመለስሽ በፊት ኃላፊውን ጠይቂ አልሁ። በምሳና በመድኃኒት ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ? የድንገት ጥሪ ሲኖር ማን፣ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? አዲስ ስለ ገባው ታካሚ፣ ትናንት ስለ ተቆጣው ታካሚ፣ ተረኛዋ ሥራውን ስታስረክብ ይነገረኛል ወይ? የተመታ ሠራተኛ በመዝገብ ይጻፋል ወይስ «ደህና ነሽ?» ተብሎ ይታለፋል? ከባለሙያዎች የሰማኋቸውንም ጨመርሁላት። ከታካሚው ይልቅ አንቺ ለበሩ ቅረቢ፤ ግን መውጫውን አትዝጊበት። ፊት ለፊት ተጋፍጠሽ ሳይሆን ጎን ሰጥተሽ፣ ከክንድ ርቀት በላይ ሆነሽ ቁሚ። አንገትሽ ላይ የሚታነቅ ሻሽና የመታወቂያ ገመድ አታድርጊ። ድምፁ ሲጨምር ድምፅሽ ይቀንስ። ጀርባሽን አትስጪ። ከሁሉ በፊት ግን ስሙን እወቂ፤ በስሙ ጥሪው። መልሱ ካላረካሽ ደግሞ ሌላ ሆስፒታል ፈልጊ፤ ይህ ሽንፈት አይደለም አልኋት።

አንድ ነገርም ነገርኋት። በዚያው እግረ ሙቅ በተጠናበት በሶዶ ወረዳ፣ ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ለጥቂት ሳምንታት ሠልጥነው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ ደገፉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ታካሚዎቹ በጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ከተረዱት ይልቅ በዕለት ኑሯቸው ተሻሻሉ። ዲግሪ አልነበራቸውም፤ የሠለጠኑ፣ የበላይ ተቆጣጣሪ ያላቸው፣ ብቻቸውን ያልተተዉ አስታማሚዎች ግን ነበሩ። አንቺም ከእነርሱ አታንሺም አልሁ።

አክስቴ ቀረች። ለእርስዋ ደብዳቤ አይሆንም፤ ቢቸና ድረስ ሄድሁ። ቡና እያፈላች ስለ ፑሳን ነገርኋት። ፈረንሳዩ ፋቂ አስገረማት። ስለ እግረ ሙቁ ስነግራት ግን ጀበናውን አስቀምጣ ዝም አለች። ቆይታ፣ ልጅ ሳለች ጎረቤታቸው ጓዳ ውስጥ የታሰረ ሰው እንደ ነበረ ነገረችኝ። እንጀራና ውኃ የምታደርሰው እርስዋ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከአሥር አይበልጥም።

«ይመታሽ ነበር?» አልኋት።

«አንድም ቀን አልመታኝም» አለች። «ግን እፈራው ነበር። እሱም ይፈራኝ ነበር መሰለኝ። ብቻዬን ነበር የሚልኩኝ።»

ከዚያ በኋላ ስለ እብድ አላነሣችም። ሦስተኛውን ቡና ቀድታልኝ ስነሣ በር ድረስ ሸኘችኝና «እንግዲያስ ትመለስ ካልህ ትመለስ። ብቻዋን እንዳይልኳት ግን ንገራቸው» አለችኝ።

ልጅቱ ጥያቄዎቿን ይዛ ሄዳ ነበር። ለሁለቱ በቂ መልስ አገኘች፤ ለአንዱ «እናስብበታለን» ተባለች፤ ለአራተኛው ኃላፊው ዝም አለ። የተመታችበት ቀን ግን በመዝገብ ተጻፈ፤ በምሳ ሰዓትም ሁለት ሰው እንዲኖር ተወሰነ። ተመለሰች። ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ ትንሽ ነው፤ ስትስቅ አይታይም። የመታት ሰው ስም ማን እንደ ሆነ አሁን ታውቃለች፤ ለእኔ ግን አልነገረችኝም፤ ባትነግረኝም ልክ ናት።

እኔም ከዚያች ከተማ ከተዛወርሁ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ አንድ ሰው «ቀድሞ የት ነበርህ?» ቢለኝ «አማኑኤል» እላለሁ፤ እንደ ወትሮው ይሳቃል። «በታካሚነት ነው በአስታማሚነት?» የሚለኝ ሰው ቢገኝ ግን አሁን መልስ አለኝ። ማናችንም ከሁለቱ አንዱን ሳንሆን ይህችን ዓለም አናልፍም። ስሙም የተሰጠን አንዳችን ከሌላችን ጋር እንድንሆንበት እንጂ ልንሳሳቅበት አይደለም።

ቸር እንሰንብት።